ጎርፍ በሸክላ

ጎረቤቴ ቭላስታ፣ ዳሌዋ ሊቀየር፣
ሐኪም ቤት ስትገባ፣ በረዶ ሲጀምር፣
ቁልፏን በእጄ አኑራ፣ አለች በደረጃው ዳር፦
«አደራህን ወፍሬን፣ አደራህን ሊቦር።»

ወፍሬ የምትላት፣ መስኮቷ ሥር ያለች፣
ቅጠሏ እንደ አውራ ጣት፣ ሥጋ የለበሰች፣
ግንዷ እንደ አሮጌ ጉልበት፣ የተቋጠረች፣
ከሙሽርነት ጀምሮ፣ አብራት ያረጀች።

እኔ የኦስትራቫ ሰው፣ የከሰል ጉድጓድ ልጅ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በፓምፕ ቤቱ ደጅ፣
ከምድር ሆድ ውሃ ሳወጣ፣ ስገፋ ኖርሁ እንጅ፣
አትክልት አላውቅም፤
ከጢሜ በስተቀር፣ ያበቀልሁት የለም።
አደራ ግን አደራ ነው፤ ትንሽ ትልቅ የለውም።

ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ፣
እሑድ ደግሞ ሦስተኛ፣ ለሰንበት መዋያ።
ከሥሯ ያለው ሳህን፣ ሞልቶ ሲያንጸባርቅ፣
«ጠገበች» እያልሁኝ፣ ለብቻዬ ስስቅ፣
ሦስት ሳምንት አለፈ።
አንዲት ቅጠል ወደቀች። አንሥቼ ብጨብጣት፣
ፈረጠች፤ ከውስጧ፣ ከውሃ ሌላ የላት።
«ጠምቷት ነው!» አልሁና፣ (አይ የእኔ ነገር!)
ኩባያዬን ይዤ፣ ሮጥሁ ለመጨመር።

በማግሥቱ አራት፣ በሠልስቱ አሥር፣
ጥቁረቱ ግንዷን ይዞ፣ ወጣ ከሥር ከሥር።
ሽታም መጣ ካፈሩ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤
ዓይኔን ብትሸፍኑኝ፣ የት እንደሆንሁ እለያለሁ፦
ስድስት መቶ ሜትር ታች፣ ውሃ የዋጠው ዋሻ፣
የበሰበሰ ምሰሶ፣ የአየር መጨረሻ።

ለካ እኔ ነኝ ጎርፉ።

ኩባያውን ደፋሁ። ለዚህስ፣ እንግዲህ፣
ሰው አያስተምረኝም፤ እንጀራዬ ነው ይህ፦
መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፣ ሳይባል ነገ ዛሬ፤
ከዚያ ይፈለጋል፣ ካለ የሕይወት ወሬ።
ከሸክላው መዘዝኋት፤ ጭቃው እንደ ገንፎ፣
ሥሯን አንቆ ይዞታል፣ ፍቅር መስሎት አቅፎ።
በጋዜጣ ዘርግቼ፣ ጭቃዋን አራገፍሁ፣
የሞተ የሞተውን ሥር፣ በጥፍሬ ገፈፍሁ፤
የሽንኩርት ቢላዬን፣ በፕለም አረቄ አጠብሁት፣
ግንዷን ከታች ጀምሬ፣ በስሱ ከተፍሁት፦
ቡኒ። አሁንም ቡኒ። አሁንም ቡኒ መሐሉ።
ቢላው ወደ ላይ ሲወጣ፣ እያጠረ አካሉ፣
«በቃ፣ የለችም» ልል፣ ሊከዳኝ ጉልበቴ፣
አንድ ክብ፣ እንደ ኪያር አረንጓዴ፣ ወጣ ከስለቴ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። «ወፍሬስ?» አለች ቭላስታ።
ወፍሬ፣ በስድስት ቅጠል፣ ወንበር ላይ ተኝታ!
«እንዳንቺው ናት» አልኋት፤ አልዋሸሁም ከቶ።
ዝም አለች። ሣቀች ደግሞ፣ ድምጿ ተጎትቶ።

ቁስሏ እስኪደርቅ አሥር ቀን፣ ጠብታ አላቀመስኋት፤
ደረቅ አሸዋና ጠጠር፣ አልጋ አድርጌ ተከልኋት።
ከዚያስ? ከዚያማ መተው። መተው የሚሉት ሥራ፣
ከመቆፈር ይከብዳል፤
ኩባያው ከመደርደሪያ፣ ስሜን ሲጣራ ሲጣራ።

ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣኝ፣ ሸክላውን መታሁት፣
ሁለቴ፣ ከዚያ ሦስቴ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁት።
ያኔ ሂኔክን ስንፈልግ፣ እንዲህ ነበር ደንቡ፤
ቱቦ መትተን ዝም እንላለን፣ የሁሉም ቆሞ ልቡ።
አራት ቀን መታነው።
የአምስተኛውን አላወራም።

በረዶው ሲሟሟ፣ ቭላስታ መጣች በምርኩዝ።
አየቻት፣ በቁመት ግማሽ፣ በወርድ ሲሶ የሆነችውን።
አየችኝ።
«እኔ እኮ» አለች፣ «ውሃ የሚያወጣ ሰው መስሎኝ፣
ነበር ያመንሁህ!» ኀፍረት ጉሮሮዬን ያዘኝ።

ከዚያ በሁለት ጣቷ፣ እንደ ልጅ የወተት ጥርስ፣
ቀስ ብላ ሳበቻት።
ትንፋሼን ዋጥሁ።
ወፍሬ አልመጣችም።
ከታች፣ ከጨለማው፣
አንዳች ቀጭን ነገር፣ መልሶ ጎተታት።